የኢርያን አፍንጫና የጣሪያው በርሜል

ኢርያን ሻይ ሲቀርብለት መጀመሪያ ያሸታል። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። ከዚያ እኔን ያየኛል። በመጨረሻ ይጠጣል። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ቤት ሻይ ጠጥቶ አንድም ቀን ሆዱን ቁርጠት ይዞት አያውቅም። «አመል ነው፣ አትቀየመኝ» ይለኛል። እኔ ግን እቀየማለሁ፤ ተቀይሜም እደግምለታለሁ።

ስሜ ዊሳ ነው። ሙቀጠም ተራራ ሥር፣ ካይሮ የጣለችውን ለቅመንና ለይተን በምንኖርበት ሰፈር፣ ከኢርያን ጋር አንድ ሕንፃ እንጋራለን። አባቶቻችን ከአሲዩት ገጠር በአንድ አህያ መጥተው ሕንፃውን አብረው ነው ያቆሙት። ምድር ቤቱ የእኔ ነው፤ ግማሹ የፕላስቲክ መፍጫዬ ነው፣ ግማሹ የአሳማዎቼ በረት። አሳማ ስል ፊታችሁን አታጨማድዱ፣ እኛን ያሳደገን እሱ ነው። ኢርያን አምስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቱ ከሲት ሙንታሃና ከአንድ ልጁ ከፌብሮኒያ ጋር ይኖር ነበር። ሚስቱ ልጅቷ ሕፃን ሳለች ነው የሞተችው። ጣሪያው የጋራችን ነው፤ ጠባችንም የመጣው ከዚያው ከጣሪያው ነው።

ይህ ሰው በአሥር ዓመቱ ከአባቱ ጋር በአህያ ጋሪ ሥራ ጀመረ፤ አሁን በፒካፕ ዶቂ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የሁለት መንገድ ቆሻሻ ያነሳል። ፌስታሉን ሳይፈታ አሽትቶ የቤቱን ጉድ ይነግራችኋል። «ሦስተኛ ፎቅ ያለው ዶክተር ስኳር ይዞታል፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም፣ መርፌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የሚጥለው» ይላል። «የመምህሩ ቤት እንግዳ ከርሟል፣ ሚስትየዋ ግን እንግዳውን አትወደውም፤ የትናንት ሩዝ ነው ያበላችው» ይላል። ክፋቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። አሥር ጊዜ ጠርጥሮ አሥሩንም ልክ የሆነን ሰው፣ በአሥራ አንደኛው «ተሳስተሃል» ብሎ የሚያሳምነው የለም።

እንዲህ የባሰበት ግን አሳማዎቹ የተወሰዱበት ዓመት ነው። ስልሳ አሳማ ነበረው። በሽታ መጣ ተብሎ ከየበረቱ እየተጫኑ ሲሄዱ፣ ኢርያን አንዲት እመጫት አሳማ ከስምንት ግልገሎቿ ጋር ደረጃው ሥር ደበቀ። ከፊቷ ካርቶን ቆለለ፣ ካርቶኑ ላይ አሮጌ ፍራሽ ጣለ። በሦስተኛው ቀን የመንግሥት ሰዎቹ መጡ። በረቱን አላዩም፣ ጓዳውን አላዩም፤ ቀጥ ብለው ደረጃው ሥር ገብተው ፍራሹን አነሱ። ግልገሎቹ ሲጮሁ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። ኢርያን መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ካየ በኋላ ወደ እኛ ዞረና አንድ በአንድ ተመለከተን።

«አንድ ሰው ነግሯቸዋል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ያንን አንድ ሰው ሲፈልግ ኖረ። አንድ ዓመት የፊት ለፊቱን ጎረቤት ያዘ፤ ቀጥሎ የገዛ አጎቱን፤ የእኔም ተራ ደርሶ አንድ በጋ ሙሉ ሳያናግረኝ ከረመ። እኔ አልነበርኩም፤ ብምልለትም አላመነኝም። በኋላ ሰው ሁሉ አሳማ መልሶ ሲያረባ እሱ እምቢ አለ። «ለማን ብዬ ነው የማደልበው?» ነበር መልሱ።

አሳማ ከሌለ ደግሞ ልጣጩንና ትርፍራፊውን የሚበላ የለም። ፕላስቲኩ ይሸጣል፣ ካርቶኑ ይሸጣል፣ ቆርቆሮው ይሸጣል፤ የሰው ምግብ ግን በር ላይ ይከመርና ይሸታል። ኢርያን አሥራ አራት ዓመት ያህል ይህን ሽታ ሲረግም ከቆየ በኋላ አንዲት ሊሊያን የምትባል ወጣት ኢንጂነር ከአንድ ማኅበር መጣች። ሁለት በርሜል አንዱን በአንዱ ላይ ደፍታ፣ ቱቦ ቀጥላ፣ ከትርፍራፊ ጋዝ አወጣላችኋለሁ አለች።

«ሆድ ማለት ነው» አለችው። «በቀን አንድ ባልዲ ቆራርጣችሁ ከውኃ ጋር ታጎርሱታላችሁ፤ እሱ ጋዙን ይሰጣችኋል።»

«አንቺስ ምን ታገኛለሽ?» አላት ኢርያን።

«ምንም።»

«ምንም የማያገኝ ሰው አምስተኛ ፎቅ በእግሩ አይወጣም።»

ልጅቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን በእሱ ነበር። ይህ ነገር አንድ ቀን ይፈነዳና ኢርያንን ተራራው ላይ ካለው ገዳም ጣሪያ ላይ እናገኘዋለን እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ይህን ማለቴ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል። ያም ሆኖ በርሜሉ የሚቀሰቀስበት ፍግ ሲያስፈልግ አንድ ባልዲ ሙሉ ከአሳማዎቼ ሰጥቼዋለሁ። እሱንም አሸተተው።

በሃያኛው ቀን እሳቱ በራ። ሰማያዊ ነበር፣ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ኢርያን አፍንጫውን ወደ እሳቱ አስጠግቶ ቅንድቡ ሊቃጠል ሲል ነው የተመለሰው። «አይሸትም» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታም ቅሬታም ነበር። ሲት ሙንታሃ አማትበው ፉል ጣዱበት።

ከዚያ በፊት የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ አምስት ፎቅ የሚወጣላቸው ልጄ አባኑብ ነበር። ሲሊንደር ለማድረስ ሲወጣ ለመውረድ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ በሩን የምትከፍትለት ፌብሮኒያ ነበረች። በርሜሉ ሲመጣ ሲሊንደሩ ቀረ፣ ሰበቡም አብሮ ቀረ። ልጄ እህል አልዋጥልህ አለው። እኔም እንደ ወጉ ሽማግሌ ይዤ ወጣሁና ልጅቷን ጠየቅኩለት። ኢርያን ሦስት ሳምንት አባኑብን ሲከታተለው ሰንብቶ እሺ አለ። ቀለበት አሰሩ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ሊሆን ተቆረጠ።

ሁዳዴ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት እሳቱ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ አነሰ፣ ከዚያ ክብሪት ሲለኩሱበት ፉፍ ብሎ እምቢ አለ።

ኢርያን መጀመሪያ ቱቦውን ጠረጠረ። በሳሙና አረፋ ቀብቶ ቀዳዳ ፈለገ፣ አጣ። ቀጥሎ ርግብ የሚያረባውን ጎረቤት ጠረጠረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ልጀምር ስል ሱቄ ውስጥ የሶዳ በርሜሌ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። የተፈጨ ፕላስቲክ የማጥበው በኮስቲክ ሶዳ ነው፤ እጅ የሚልጥ ነገር ነው።

«ዊሳ፣ ሶዳህ ጎድሏል» አለኝ።

«ስለሠራሁበት ነዋ። ፕላስቲኩን በምን ልጠበው፣ በእንባዬ?»

«ትናንት እስከዚህ ነበር።» በጣቱ አሳየኝ። ለካስ በርሜሉን በከሰል አስምሮበት ኖሯል።

«ሶዳዬ ላይ ምልክት አደረግክ?»

«የሚጠረጠር ነገር ላይ ምልክት ይደረጋል።»

«እና ወጥቼ በርሜልህ ውስጥ ጨመርኩት? ምን ላገኝ?»

«ከመጀመሪያውም ዓይንህ ደም ለብሷል። ይፈነዳል ብለህ ለሰፈሩ ስታወራ ነበር። አልፈነዳ ሲልህ ገደልከው።»

«ስማ ኢርያን፣ ልጆቻችን ሊጋቡ ነው። ነገ የአንድ ልጅ አያት እንሆናለን። የምትለውን እያወቅህ ተናገር።»

ቀና አለ። «እንኳን አስታወስከኝ» አለኝና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሚዛኔ ላይ አስቀመጠ። የፌብሮኒያ ቀለበት ነበር። «ሌላ ማረጋገጫ ካላመጣህ በቀር፣ መርዝ ከሚያፈስ ሰው ቤት ልጄ አትገባም።»

አባኑብ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። ማሽኑን አላጠፋውም፤ ባዶውን ሲጮህ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል። ልጄን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ኢርያንን በዚያች ሰዓት ጠላሁት፤ አልደብቅም፣ በጾም መካከል ጠላሁት።

አቡና፣ የሰፈራችን ቄስ፣ ሊያስታርቁን ሞከሩ። ኢርያን እጃቸውን ስሞ፣ «አቡና፣ እርስዎ ሁሉንም ያምናሉ፤ ሥራዎ ነው። የእኔ ሥራ ግን ሌላ ነው» አላቸው። ስለዚህ እኔ ራሴ ወደ ሊሊያን ደወልኩ። መጥታ መርምራ ስሜን ታጥራልኝ ብዬ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ መጣች። ሲት ሙንታሃ እንደ ሁዳዴ ልማዳቸው ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይመለሱም። ጣሪያው ላይ ሊሊያን፣ ኢርያንና እኔ ብቻ ነበርን። ልጅቷ ከቦርሳዋ ቀጭን ወረቀት አውጥታ በርሜሉ ውስጥ ነከረች። ወረቀቱ ቀላ።

«ሶዳ አይደለም» አለች። «ሶዳ ገብቶበት ቢሆን ሰማያዊ ይሆን ነበር። ይሄ ኮምጣጤ ሆኗል። እንዲያውም ትንሽ ሶዳ ቢጨመርበት ይሻለዋል።»

እኔ ፈገግ አልኩ። ፈገግ ማለት አልነበረብኝም፤ ኢርያን አየኝ።

«ይሄን ወረቀት ማን ሰጠሽ?» አላት።

«ከቢሮ ነው ያመጣሁት።»

«ቢሮሽ ውስጥ የዊሳ ዘመድ ይሠራል?»

ልጅቷ ዱላ ይዛ የበርሜሉን ውስጥ አማሰለች። የብርቱካን ልጣጭ ወጣ፤ ደግማ አማሰለች፣ ብርቱካንና ሎሚ፤ ሦስተኛም አማሰለች፣ ያው። «ይሄን ሁሉ ብርቱካን ማን ነው የጨመረው? ነግሬህ አልነበር፣ ጌታዬ? ሆዱን የሚዘጋው እሱ ነው።»

«እኛ ቤት ብርቱካን ለብቻው ነው የሚጣለው» አለ ኢርያን፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል። «አሳማም ስለማይበላው ድሮም ለብቻው ነው። እናቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ሌላ ሰው ነው የሚያስገባው።»

እናቱን አልጠየቃቸውም። መጠየቅ ማለት መጠርጠር ነው፤ ዓለሙን ሁሉ የሚጠረጥር ሰው እናቱን አይጠረጥርም። ይልቅ በማግስቱ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቶ የበርሜሉን ክዳን ቆለፈ፤ ቁልፉን በክር አድርጎ እናቱ አንገት ላይ ከመስቀላቸው ጋር አንጠለጠለው። «ከአንቺ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ እማዬ» አላቸው። የነገራቸው ይህን ብቻ ነው።

በርሜሉ ከተቆለፈ በኋላ ባሰበት። ኢርያን ቁልፉን አስቀርጬ እንደሆነ ለማወቅ የሰፈሩን ቁልፍ ሠሪዎች ሁሉ ዞረ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ከበርሜሉ ሞልቶ የሚፈሰው ውኃ በቱቦ ወርዶ በእኔ በር አጠገብ ነው ወደ ቦዩ የሚገባው። ቅዳሜ ጠዋት ቱቦው ተዘጋብኝና በሽቦ ስጎረጉረው የብርቱካን ልጣጭ ወጣ፤ ገና አልጠቆረም፣ የሰሞኑ ነው። ክዳኑ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ተቆልፏል። ቁልፉ ደግሞ አንድ አንገት ላይ ብቻ ነው ያለው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ክፉ ሐሳብ ነው። እኚህ አሮጊት ልጄን አይፈልጉትም፣ ሠርጉን ሊያፈርሱ ነው ብዬ አሰብኩ። ከኢርያን ጋር አርባ ዓመት ተኗኑሮ አመሉ ሳይጋባ አይቀርም። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ወጣሁ።

ሲት ሙንታሃ በፌስታል ክምር መካከል ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን ሳያዩ ይለያል፣ ፕላስቲኩ በግራ፣ ቆርቆሮው በቀኝ። ፌስታሉ ውስጥ የነበረውን ሩዝ፣ ዳቦና አጥንት ወደ አንድ ጆንያ እየገፉ ነበር። አጠገባቸው ሌላ ጆንያ ተከፍቶ ከእሱ እያወጡ ባልዲው ውስጥ ይከትፋሉ።

«ሲት ሙንታሃ፣ ይሄ ባልዲ ለማን ነው?»

«ለእሳቱ ነው፣ ልጄ።»

«ብርቱካን ብቻ?»

«ሎሚም አለው። ደክሞታል፣ ሰሞኑን ሁለት ባልዲ ነው የማጎርሰው።»

«ለምን ሩዙን አይሰጡትም? ዳቦውን?»

የበዓል ቀን የማያውቅ ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። «ዊሳ፣ አሁን ምን ላይ ነን?»

«ሁዳዴ ላይ።»

«እና ምን ትጠይቀኛለህ? የዶቂ ሰው የራሱ ጾም አለው፣ ከእኛ ጋር አይጾም። ፌስታሉን ስፈታው ሥጋ ነው፣ ቅቤ ነው፣ መረቅ ነው። ሩዙን ቅቤ ነክቶታል፣ ዳቦው እንቁላል ነክቶታል። ያንን በልቶ በሚነድ እሳት ላይ ነው ፉሌን የምጥደው? እኔ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ እሳቴ ፍስክ ሊበላ? ከዚህ ሁሉ ንጹሑ ከጭማቂ ቤቱ የሚመጣው ጆንያ ነው። ሥጋ በአጠገቡ አላለፈም።»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ልጄ ትዝ አለኝና ሳቁ ቀረ። ፌስታሎቹ መካከል ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብርቱካኑ የበርሜሉን ሆድ እንዳኮመጠጠው፣ ኢርያን በእኔ እንዳሳበበ፣ ቀለበቱ ለምን እንደተመለሰ። ለካስ ኢርያን የነገራቸው ሠርጉ «ትንሽ ይቆይ» ብሎ ነው። ቢላውን አስቀመጡ።

«እኔ ነኛ የገደልኩት» አሉ።

«አልሞተም፣ ይድናል። ኢርያን ግን እንዴት አልጠየቀዎትም?»

«አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እኔ ጠይቆኝ የዋሸሁት ሰው የለም።» ጣታቸው አንገታቸው ላይ ካለው ቁልፍና መስቀል ጋር ይጫወታል። «ያኔም ስጠየቅ አልዋሸሁም።»

«መቼ?»

«የአሳማዎቹ ጊዜ። አንድ ወጣት ሰው መጣ፣ ኢርያን ሥራ ላይ ነበር። 'እናቴ፣ የተደበቀ አለ?' አለኝ። እናቴ ብሎ ጠራኝ። ደረጃው ሥር አልኩት።»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስንቱን ሰው በክፉ ዓይን ያየበት፣ እኔን አንድ በጋ የዘጋበት ነገር እዚሁ ወለል ላይ፣ ፌስታል ሲለይ ኖሯል።

«ለምን እስካሁን አልነገሩትም?»

«አልጠየቀኝማ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የበርሜሉን ንገረው፣ ልጆቹ ይጋቡ። የእመጫቷን ግን እኔ ሳልሞት እንዳትነግረው። ያኔ ፊቱን አይቸዋለሁ፣ ዊሳ። ያ ፊት ወደ እኔ ሲዞር ማየት አልችልም።»

እሺ አልኳቸው። ሲት ሙንታሃ ካረፉ አሁን ዓመት አልፏል፤ ስለዚህ ነው አፌን የከፈትኩት።

ነገር ግን የበርሜሉንስ እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? «እናትህ ናት» ብለው፣ ራሱን ለማዳን የእናቴን ስም አነሳ ይላል። ደረጃ ስወርድ ስወጣ አስቤ፣ በማግስቱ ከሰዓት ፒካፑን አቁሞ ሲወርድ መንገዱ መካከል ጠበቅኩት። ሰው ሁሉ ጆንያ ያወርዳል።

«ኢርያን» አልኩት፤ «ውጣና የእናትህን እጅ አሽት።»

ጆንያ የሚያወርደው ሁሉ ዞሮ አየን። የሰው እናት እንዲህ ተብላ አትጠራም። ኢርያን ኮሌታዬን ሲይዘኝ ማንም አልፈረደለኝም፤ እኔም በራሴ ላይ እፈርድ ነበር።

«እናቴን ነው ያልከው?»

«አፍንጫህ ተሳስቶ አያውቅም አይደል? እንግዲያው አሽትና ና። እኔ ዋሽቼ ከሆነ ያንን ሶዳ አፌ ውስጥ ገልብጠው፣ አልከለክልህም።»

ሁለት ሰዎች መሃላችን ገቡ። ኢርያን ኮሌታዬን ለቀቀና ወደ ደረጃው ሄደ። የእግሩ ድምፅ እስከ አምስተኛ ፎቅ ተሰማን። ከዚያ ምንም አልተሰማም፤ ጩኸት የለም፣ የሚሰበር ነገር የለም። እኔ ገብቼ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። አባኑብ ማሽኑን አጠፋው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኢርያን ገባ። ጓጉንቸሩ በእጁ ነበር። ከጎኔ ሌላ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ።

«በየጠዋቱ ይሸተኝ ነበር» አለ። «ሥራ ከመውጣቴ በፊት እጇን ስስም። ብርቱካን ይሸታል። ሎሚ ይሸታል። የእማዬ ሽታ ነው ብዬ ነው እኮ።»

ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

«ሶዳህን አምጣ» አለኝ።

አባኑብ ቀድሞኝ ተነሳ።

ሊሊያን እንዳለችው ትንሽ ሶዳ በብዙ ውኃ በጥብጠን ሰጠነው፤ ከአሳማዎቼም ሁለት ባልዲ ፍግ ጨመርንለትና መመገቡን አቁመን አሳረፍነው። ሲት ሙንታሃ ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። በሚመጣው ሁዳዴስ ምን ሊሆን ነው? አቡናን አስጠሩ። አቡና አምስት ፎቅ እያለከለኩ ወጥተው በርሜሉን ዞረው አዩ፤ ክዳኑንም አስከፈቱና ቶሎ አስዘጉት።

«ሲት ሙንታሃ፣ ይሄ በርሜል ተጠምቋል?» አሉ።

«ኧረ አቡና፣ በርሜል ደግሞ እንዴት ይጠመቃል?»

«እንግዲያው ጾም የለበትም። የሰጡትን ይብላ፣ እርስዎ ይጹሙ።»

እሳቱ በቀዳም ሥዑር ተመለሰ። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ። የፋሲካው ሥጋ የተቀቀለው በእሱ ነው፤ ኢርያን ድስቱን ሳይሆን እሳቱን ሲያይ አመሸ። ቀለበቱን እኔ መልሼ ወሰድኩላት። ፌብሮኒያ ተቀብላኝ፣ «አባቴን አውቀዋለሁ፣ ቀለበቱ ከጣቴ አልወጣም ብሎት ነበር፣ እሱ ነው በሳሙና ያወጣው» አለችኝ። ልጅቷን ያን ቀን ከበፊቱ ይልቅ ወደድኳት።

ሠርጉ በተቆረጠለት እሑድ ሆነ። መንገዱን ዘግተን፣ ጆንያውን ሁሉ ወደ ዳር ገፍተን፣ ወንበር ደርድረን። አባኑብ በሱፍ ልብስ ሌላ ሰው መሰለኝ። ኢርያንና እኔ፣ ሁለቱ አማቾች፣ በአንድ ጠረጴዛ ከሲት ሙንታሃ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነበር። ሻይ መጣ። ኢርያን አሸተተው፣ ወደ መብራቱ አዙሮ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«የበርሜሉ ገብቶኛል» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንተ አይደለህም። በከንቱ ነው ያማሁህ።»

«ይሁን» አልኩት።

«ግን ዊሳ፣ ዛሬ ተዛምደናል። እስቲ እውነቱን ንገረኝ። እመጫቷን ማን ነው የነገረባት?»

የሲት ሙንታሃ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ለጠየቃቸው ሰው አይዋሹም፤ የጠየቀው ግን እኔን ነው። እኔም ከተጠረጠሩት አንዱ ነበርኩ፣ አንድ በጋ ሙሉ የተኮረፍኩ፤ በአንድ ቃል ራሴን ነጻ ማውጣት እችል ነበር። ወደ ሙሽሮቹ አየሁ። አባኑብ እየሳቀ ነው።

«አላውቅም» አልኩት።

ብዙ አየኝ። ውሸት መሆኑን አውቋል፤ ከዚህ ሰው ጋር አርባ ዓመት ኖሬአለሁ። ከእኔ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ እናቱ አዞረ፣ እሳቸው ወደ ጭፈራው ያያሉ፣ ጣታቸው መስቀላቸው ላይ ነው። ሊጠይቃቸው አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት፣ መልሶ ዘጋው።

ከዚያ የእናቱን እጅ ከጠረጴዛው አንስቶ እንደ ሁልጊዜው ሊስም ጎንበስ አለ። ሲስም አየሁት፤ አፍንጫውን ወደ ጎን አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ነበር።